ሚዛን በ80 ዓመት

ዱኒዲን በኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት የምትገኝ፣ አቀበትና ቁልቁለት የበዛባት የወደብ ከተማ ናት። የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤትም ያለው እዚያው ነው። በዚህ ትምህርት ቤት የአረጋውያን ሐኪሙ ጆን ካምቤል፣ ተመራማሪዋ ክሌር ሮበርትሰንና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆነ 233 ሴቶችን ከየቤተሰብ ሐኪሞቻቸው በኩል አግኝተው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። 116ቱን ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ቤታቸው ድረስ እየሄደች ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ክብደት አስረው እግራቸውን እንዲያነሡ፣ ጠረጴዛ ይዘው በአንድ እግር እንዲቆሙ፣ ወደ ኋላ እንዲራመዱ አስተማረቻቸው። የቀሩት 117ቱም በዚያው መጠን ቤታቸው ተጠይቀዋል፤ የእነሱ ጊዜ ግን ያለፈው በጨዋታ ነው።

ዓመቱ ሞልቶ ሲቆጠር፣ በጨዋታ የከረሙት ሴቶች በድምሩ 152 ጊዜ ወድቀው ነበር። እግራቸውን ሲያሠሩ የከረሙት 88 ጊዜ። ጥናቱን ለመቀጠል የተስማሙት ለሁለተኛ ዓመት ሲከታተሏቸውም ልዩነቱ አልጠፋም።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል ታተመ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ሰው መውደቅን ከሽበት ጋር አብሮ የሚመጣ የእርጅና ዕጣ አድርጎ ያየዋል። የዱኒዲን ሴቶች ያሳዩት ሌላ ነው። ሳይወድቁ መቆምና መራመድ አንጎል፣ ነርቭና ጡንቻ ተባብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። ሥራው ሲለማመዱት ይሻሻላል፣ ሲተዉት ይዳከማል፤ 80 ዓመት መሙላትም ይህን አይለውጠውም።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ቁጥሮቹ ይናገራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ሕይወታቸው ያልፋል። ሳይታሰቡ ከሚደርሱ አደጋዎች መካከል ከዚህ የሚበልጥ ሰው የሚገድለው የመንገድ ትራፊክ አደጋ ብቻ ነው። ከሟቾቹ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው፤ ብዙ ሞት የሚደርሰውም ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ነው። በገዛ ቤታቸው ከሚኖሩና 65 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ይወድቃል። አብዛኞቹ አቧራቸውን አራግፈው ይነሣሉ። ዳሌያቸው ላይ የተሰበሩት ግን ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ አረማመዳቸው አይመለሱም።

ሰው እንዴት ይወድቃል?

የወደቀ ሰው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «አዳለጠኝ» ወይም «እንቅፋት መታኝ» ይላል። በካናዳ ብሪትሽ ኮሎምቢያ፣ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲው ስቴፈን ሮቢኖቪችና ቡድኑ መልሱን ከካሜራ ፈለጉት። በሁለት የአረጋውያን መጦሪያዎች የጋራ ክፍሎችና መተላለፊያዎች ውስጥ በተተከሉ ካሜራዎች የ130 ሰዎችን 227 አወዳደቆች ቀርጸው አንድ በአንድ መረመሩ። በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ውጤት የተለመደውን ግምት የሚያፈርስ ነበር። ትልቁን ድርሻ፣ 41 በመቶውን፣ የያዘው የገላን ክብደት አሳስቶ ማዛወር ነው። ሰውየው ሊዞር፣ ሊቀመጥ ወይም አንድ ነገር ሊያነሣ ሲል ክብደቱ እግሩ ካረፈበት ቦታ ውጭ ይወጣል፤ እግሩም ፈጥኖ አይደርስለትም። እንቅፋት 21 በመቶ ነበር። ማዳለጥ 3 በመቶ ብቻ።

ስለዚህ የረጠበ ወለል ማድረቅና የተጣጠፈ ምንጣፍ ማስተካከል ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ብዙው አወዳደቅ የሚጀምረው ከገላ ነው።

ቆሞ ያለ ሰው ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ ያለማቋረጥ ይወዛወዛል። የመጥረጊያ እንጨት መዳፉ ላይ ቀጥ አድርጎ ለማቆም የሚሞክር ልጅ እጁን ወዲያና ወዲህ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ የቁርጭምጭሚትና የዳሌ ጡንቻዎችም ገላ ዘንበል ባለ ቁጥር ይመልሱታል። ለዚህ የሚያስፈልጋቸው መረጃ ከሦስት ቦታ ይመጣል። ዓይን አካባቢውን ያያል፤ የውስጠኛው ጆሮ የጭንቅላትን መዘንበልና መዞር ይለካል፤ ውስጠ እግር፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ ደግሞ ክብደቱ የት እንዳረፈ ይናገራሉ። በዕድሜ ሦስቱም ይደክማሉ። ዓይንን ሞራ ይጋርደዋል፤ የውስጠኛው ጆሮ ስሱ ሕዋሳት ይመናመናሉ፤ ውስጠ እግር ይደነዝዛል፣ በተለይ ስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ።

መረጃው ደርሶ እንኳ ፈጥኖ የሚታዘዝ ጡንቻ ያስፈልጋል። ከመቆም ወደ ወለል የሚደረገው ጉዞ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት እግር ተነሥቶ ወደፊት ወይም ወደ ጎን መድረስ፣ ጉልበትም መላውን ገላ መሸከም አለበት። እርጅና ደግሞ ይበልጥ የሚያሳሳው ፈጥነው የሚኮማተሩትን የጡንቻ ጭረቶች ነው። ከባድ ዕቃ ቀስ ብሎ መሸከም የሚችል አዛውንት ድንገት ሲደናቀፍ ራሱን ማዳን የሚያቅተው ለዚህ ነው።

ከጡንቻ ሌላ የሐሳብ ድርሻም አለ። በስዊድን ኡሜኦ ከተማ ተመራማሪዎች 58 የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎችን አብረዋቸው እየተራመዱ ያነጋግሯቸው ነበር። 12ቱ መልስ ለመስጠት ሲሉ እርምጃቸውን አቆሙ። በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ከእነዚህ 12 ሰዎች 10ሩ ወደቁ። በ1997 የታተመው ይህ አጭር ጥናት ሐኪሞች ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። መራመድ ብቻውን የአንጎልን ሙሉ ትኩረት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ስልክ ሲጠራ ወይም ልጅ ሲጮህ ለሚዛን የሚተርፍ ትኩረት አይኖርም ማለት ነው።

ምክንያቶቹ ሲደራረቡ አደጋው እንዴት እንደሚያድግ በደንብ ያሳየችው የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ሐኪም ሜሪ ቲኔቲ ናት። ቲኔቲ በ1988 ባሳተመችው ጥናት 75 ዓመት የሞላቸውን 336 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታተለች። የማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት መውሰድን፣ የእግር ድካምን፣ የሚዛንና የአረማመድ ችግርን የመሳሰሉትን መዘገበች። ከእነዚህ አንዱም የሌለበት ሰው በዓመቱ የመውደቅ ዕድሉ 8 በመቶ ነበር፤ አራትና ከዚያ በላይ ያለበት 78 በመቶ። ቁጥሩ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ተስፋም አለበት። ሸክሙ ከብዙ ነገሮች የተጠራቀመ ከሆነ፣ ከመካከላቸው አንዱን እንኳ ማቅለል ዋጋ አለው። ከሁሉ ይበልጥ በእጅ ያሉትም ሁለቱ፣ የእግር ድካምና የሚዛን ችግር ናቸው።

90 ዓመት የሞላው ጡንቻ

ያረጀ ጡንቻ መልሶ ይጠነክራል ብሎ ማመን ለብዙዎች ከባድ ነበር። ማሪያ ፊያታሮኔ የተባለች ሐኪም በቦስተን በሚገኘው የዕብራውያን የአረጋውያን ማገገሚያ ማእከል የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው በ90 ዙሪያ የሆነ 10 ደካማ ሰዎች መርጣ እንደ ወጣት ስፖርተኛ በከባድ ክብደት እግራቸውን አሠራቻቸው። የቻሉትን ያህል ከባድ፣ ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ ክብደት ነበር። በስምንት ሳምንት ውስጥ የጭናቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በ1990 የወጣው ይህ ውጤት በጥቂት ሰዎች ላይ የተመሠረተ ነበርና ተመራማሪዋ በ1994 በ100 የመጦሪያ ነዋሪዎች ላይ ደገመችው። አማካይ ዕድሜያቸው 87 ነበር። አሁንም ልምምዱን የሠሩት ጉልበታቸው ከእጥፍ በላይ አደገ፤ ደረጃ የሚወጡበትም ኃይል ጨመረ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ስለ መጠን ነው። ለአዛውንት ተብሎ እጅ ማወዛወዝና አንገት ማዞር ብቻ ቢሠራ ጡንቻ የሚጠነክርበት ምክንያት የለውም። እግር የሚለወጠው ሥራው ሲከብደው ነው፤ ከለመደውም በኋላ ሲጨመርበት።

በኦታጎ ልምምድ ምን ይሠራል?

የኒውዚላንዱ ቡድን ያዘጋጀው ልምምድ የኦታጎ ልምምድ በሚል ስም በብዙ አገሮች ይታወቃል። ጂም አይፈልግም። ፊዚዮቴራፒስቷ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ አራት ጊዜ ያህል ቤት ድረስ ትሄዳለች። የሰውየውን አቅም ለክታ ከልምምዶቹ የሚስማማውን ትመርጥለታለች፤ ከዚያ በኋላ እየደወለች ትከታተለዋለች። ቀሪውን ሰውየው ራሱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራዋል። ይህንን በማይሠራባቸው ቀናት ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ ለግማሽ ሰዓት በእግሩ ይንሸራሸራል፤ ግማሽ ሰዓቱንም ከፋፍሎ መጨረስ ይቻላል።

ልምምዱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ጉልበት ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ ክብደት ታስሮ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ወደፊት መዘርጋት፤ ቆሞ ጉልበትን ወደ ኋላ ማጠፍ፤ እግርን ወደ ጎን ማንሣት። ክብደቱ የሚመረጠው ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ካነሡ በኋላ እግር እንዲዝል ተደርጎ ነው፤ ሲቀል ይጨመራል። ተረከዝን አንሥቶ በጣት መቆምና ጣትን አንሥቶ በተረከዝ መቆም ደግሞ ያለ ክብደት ይሠራሉ።

ሁለተኛው ክፍል ሚዛን ነው፤ የልምምዱ ልብም ይህ ነው። ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ መነሣት፣ ወደ ኋላ መራመድ፣ ወደ ጎን መራመድ፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ እየዞሩ መሄድ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር አገናኝቶ መቆምና እንደዚያው መራመድ፣ በአንድ እግር መቆም፣ በተረከዝ ብቻ መሄድ፣ በጣት ብቻ መሄድ፣ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ። እያንዳንዱ ደረጃ በደረጃ ይከብዳል። ዛሬ ጠረጴዛ ይዞ አሥር ሰከንድ በአንድ እግር የቆመ ሰው፣ ከሳምንታት በኋላ እጁን ለቆ አሥር ሰከንድ ይቆማል። ከወንበር ሲነሣ በሁለት እጁ ይደገፍ የነበረው በአንድ እጅ፣ ቀጥሎም ያለ እጅ ይነሣል።

የዚህ ሁሉ ምሥጢር ገላን ወደ መውደቂያው ጠርዝ በጥንቃቄ ማስጠጋት ነው። አንጎል እርማት የሚማረው ስሕተት ሲያይ ነው። ሁልጊዜ ተደግፎ የሚሄድ ሰው አይወዛወዝም፤ ስላልተወዛወዘም አይማርም። ጠረጴዛው ወይም ግድግዳው እጅ ሊደርስበት የሚገባ ቅርበት ላይ የሚሆነው መያዣ በሚያስፈልግበት ቅጽበት እንዲገኝ ነው። ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር ወይም ከባድ የትንፋሽ ማጠር የሚሰማው ሰው ልምምዱን ማቆምና ሐኪም ማማከር አለበት። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ወይም ቆሞ ራሱን የሚስት ሰውም ሳይመረመር አይጀምርም።

የኦታጎ ቡድን ያካሄዳቸው አራት ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 97 የሆነ 1,016 ሰዎች ተሳትፈውባቸዋል። ልምምዱን በሠሩት ላይ የመውደቅ ቁጥር በ35 በመቶ ቀነሰ።

የእግር መንገድ ብቻ አይበቃም

ለአዛውንት የሚሰጠው የተለመደ ምክር «በእግርዎ ይንሸራሸሩ» የሚል ነው። መራመድ ለልብ፣ ለስኳርና ለመንፈስ ጥሩ ነው። ከመውደቅ የሚጠብቅ ስለመሆኑ ግን ማስረጃው ደካማ ነው። በ1997 በእንግሊዝ በታተመ አንድ ጥናት፣ ክንዳቸው ተሰብሮ የሚያውቅ ሴቶች ፈጠን ብለው እንዲራመዱ ተመክረው ነበር፤ እነሱም ከማነጻጸሪያው ቡድን ይበልጥ ወደቁ። ሚዛኑ ያልተስተካከለ ሰው መንገድ ላይ ፈጥኖ ሲሄድ ለእንቅፋት ይበልጥ ይጋለጣል። የኦታጎ ልምምድም መራመድን የሚጨምረው ከጉልበትና ከሚዛን ሥራው ጋር አጣምሮ ነው።

በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ካትሪን ሸሪንግተንና ባልደረቦቿ በ2019 በ25 አገሮች የተሠሩ 108 ጥናቶችን፣ ከ23,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ መዝነው ነበር። በጥቅሉ ስፖርት የመውደቅን ቁጥር በ23 በመቶ ይቀንሳል። ሚዛንንና የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴን የሚያሠለጥን ልምምድ በ24 በመቶ፤ ይኸው ከጉልበት ሥራ ጋር ሲጣመር በ34 በመቶ። መራመድ ብቻውን፣ ክብደት ማንሣት ብቻውን፣ ጭፈራም ብቻውን መውደቅን ይቀንሳሉ ለማለት ግን በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ይኸው ቡድን ቀደም ሲል የሠራው ግምገማ ደግሞ ሚዛንን በእውነት የሚፈትንና በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ የሚሠራ ልምምድ የላቀ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኦሪገን ፉጆንግ ሊ የተባለ ተመራማሪ፣ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 92 የሆነ 256 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ቡድን ታይ ቺ የተባለውን የቻይና ቀስተኛ እንቅስቃሴ፣ ሌላውን ደግሞ ገላን መሳሳብና ማፍታታት አስተማረ። ከስድስት ወር በኋላ ታይ ቺ የሠሩት 38 ጊዜ ወድቀዋል፤ ሌሎቹ 73 ጊዜ። ታይ ቺ ሲታይ የተረጋጋ ይምሰል እንጂ ውስጡ ክብደትን ከእግር ወደ እግር ማዛወር ነው፤ የካናዳዎቹ ካሜራዎች ብዙ ሰው ሲሳሳትበት ያዩት ነገር።

ጄኔቫ ላይ ደግሞ ሙዚቃ ገባበት። ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ ለሙዚቃ ተማሪዎች ባዘጋጀው ዘዴ፣ 134 አረጋውያን በሳምንት አንዴ ፒያኖ እየተጫወተላቸው በምቱ ይራመዱ፣ ምቱ ሲለወጥ እርምጃቸውን ይለውጡ፣ በዚያው ላይ ዕቃ ይቀባበሉ ነበር። በ2011 የታተመው ጥናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የመውደቅ ቁጥር በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ ያሳያል። በኡሜኦ ለመነጋገር ሲሉ ይቆሙ የነበሩት ሰዎች ያጡት ችሎታ፣ እየተራመዱ ሌላ ነገር መሥራት፣ እዚህ በቀጥታ ይሠለጥናል።

ስፖርት የሚለው ነገር ራሱ ለማይጥማቸውም የአውስትራሊያዋ ሊንዲ ክሌምሰን ሌላ መንገድ አበጀች። የተለየ ሰዓትም የተለየ ልብስም የለውም፤ ልምምዱ በቤት ሥራ ውስጥ ይገባል። ጥርስ ሲቦረሽ በአንድ እግር መቆም፣ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያለን ዕቃ ወገብን ሳያጎነብሱ ጉልበትን አጥፎ ማንሣት፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተረከዝን ከጣት እያገናኙ መሄድ። ቀድሞ የወደቁና 70 ዓመት የሞላቸው 317 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት በዚህ መንገድ የሠሩት 31 በመቶ ያነሰ ወደቁ።

ከወለል መነሣት

ልምምድ ሁሉንም መውደቅ አያስቀርም። ስለዚህ የወደቀ ሰው እንዴት እንደሚነሣም መማር አለበት። በእንግሊዝ ካምብሪጅ ከ90 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ለአንድ ዓመት ሲከታተሏቸው 60 በመቶው ወደቁ። ከወደቁት መካከል 80 በመቶው ቢያንስ በአንዱ አወዳደቅ ራሳቸው መነሣት አልቻሉም፤ 30 በመቶው ደግሞ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ወለል ላይ ቆዩ። ከአምስቱ አወዳደቅ አራቱ የደረሱት ሰውየው ብቻውን ባለበት ሰዓት ነበር። ወለል ላይ ለረጅም ሰዓት መተኛት ገላን ያበርዳል፣ ጡንቻን ይጎዳል፣ ድርቀት ያስከትላል።

እንግሊዛዊቷ ዶውን ስኬልተን ያዘጋጀችው የልምምድ መርሐ ግብር ወደ ወለል መውረድንና ከወለል መነሣትን የዘወትር ትምህርት አድርጎታል። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ወደ ጎን መገልበጥ፣ በክርን መደገፍ፣ በአራት እግር መሆን፣ ወደ ጠንካራ ወንበር መዳኽ፣ እጅን ወንበሩ ላይ አሳርፎ አንዱን እግር ፊት ማቆም፣ ከዚያ መነሣትና ዞሮ መቀመጥ። ይህንን ደጋግሞ የሠራ አዛውንት ሲወድቅ ገላው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

«አንቺ ተቀመጪ»

ቲኔቲና ሌሎች ተመራማሪዎች የመውደቅ ፍርሃትን ራሱን እንደ ጉዳት ይቆጥሩታል። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ይፈራል፤ ስለፈራ መውጣት ይቀንሳል፤ ስላልወጣ እግሩ ይሟሽሻል፤ እግሩ ስለሟሸሸም ይበልጥ ለመውደቅ ይቀርባል። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ፍርሃት ፍቅርና አክብሮት ያግዙታል። «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ አመጣዋለሁ» ይላል ልጅ። «አባባ አይነሡ» ይላል እንግዳ። ውኃው ይቀርብላቸዋል፣ ምግቡ ይቀርብላቸዋል፣ መታጠቢያውም እዚያው ይመጣላቸዋል። ማንም ክፉ አላሰበም። እናትየው ግን በቀን ሠላሳ ጊዜ ትነሣ የነበረችው ወደ ሦስት ጊዜ ወረደች፤ የጭኗም ጡንቻ በዚያው ልክ ቀነሰ።

ብዙዎቹ የአገራችን እናቶችና አባቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ ስሙን ሳያውቁት፣ የኦታጎን ልምምድ የመሰለ ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። ከበርጩማ ተነሥቶ ቡና ማፍላት፣ ቁጢጥ ብሎ መልቀም፣ ቅዳሴ ላይ ለሰዓታት መቆም፣ በስግደት ወለል ድረስ ወርዶ መነሣት፣ በሶላት ተደፍቶ ቀና ማለት፣ ሁሉም ጭንንና ሚዛንን ያሠራሉ። ከዚህ ሕይወት ወጥተው ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር ወደ ዋሽንግተን ዙሪያ ወይም ወደ አውሮፓ ከተሞች የሄዱ አዛውንት አፓርታማ ውስጥ፣ ለስላሳ ሶፋ ላይ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ሲቀመጡ ገላቸው የሚያጣው ይህንን ነው። ልጆቻቸው ማወቅ የሚገባቸው አንድ ጉዳይ አለ፤ በአሜሪካ ብዙ የአረጋውያን ማእከላት ለመውደቅ መከላከያ የተዘጋጁ የታይ ቺና የሚዛን ልምምዶች ይሰጣሉ።

ስለዚህ አዛውንትን ማክበር ከልምምድ ጋር አይጋጭም። ብርጭቆውን ከማቀበል ይልቅ አጠገባቸው ቆሞ ራሳቸው ተነሥተው እንዲያመጡት ማድረግ፣ ክንዳቸውን አጥብቆ ከመያዝ ይልቅ እጅን ዘርግቶ ቢያስፈልጋቸው እንዲይዙት መጠበቅ፣ ከቁርስ በፊት አብሮ አሥር ጊዜ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፤ እነዚህ የልጅ ሥራዎች ናቸው።

ልምምድ የማይደርስበት

የልምምዱ ጥቅም ወሰን አለው። በእንግሊዝ 9,803 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2020 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ በፖስታ መጠይቅ ልኮ አደጋ ያለባቸውን ለይቶ ልምምድ መስጠት የአጥንት ስብራትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። መውደቅን መቀነስና ስብራትን መቀነስ አንድ አይደሉም፤ መጠይቅ መላክም ሰውን ወንበሩ አጠገብ ቆሞ እንደማሠራት አይሆንም። በአውስትራሊያም ከሆስፒታል ገና የወጡ አዛውንት ቤታቸው ልምምድ ሲሰጣቸው እንቅስቃሴያቸው ቢሻሻልም ይበልጥ ወደቁ። ሕመም ያደከመው ሰው የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል።

ከልምምድ ውጭ የሚሠሩ ነገሮችም አሉ። የዱኒዲኑ ቡድን ራሱ በ1999 እንዳሳየው፣ የእንቅልፍና የማስታገሻ መድኃኒቶች በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ሲቋረጡ የመውደቅ ቁጥር በ66 በመቶ ቀንሷል፤ በራስ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። በእንግሊዝ የመጀመሪያ ዓይናቸው ሞራ ቶሎ የተገፈፈላቸው ሴቶች ተራ ሲጠብቁ ከነበሩት 34 በመቶ ያነሰ ወደቁ። አቋራጭ ፍለጋ ደግሞ ሊጎዳ ይችላል፤ በአውስትራሊያ በዓመት አንዴ እጅግ ከፍተኛ የቫይታሚን ዲ መጠን የወሰዱ ሴቶች መውደቃቸውም ስብራታቸውም ጨመረ።

የጀመሩትን ማቆም ሌላው ወሰን ነው። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ያገኘውን ጉልበት ሥራ ሲያቆም መልሶ ያጣዋል። ልምምዱ እንደ ጸሎት ሰዓት ወይም እንደ ቡና ሰዓት የታወቀ ጊዜና የሚጠብቅ ሰው ሲኖረው ይዘልቃል።

ማን ያሠራ?

ፊዚዮቴራፒስት በብዛት በሌለበት አገር ይህ ሁሉ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። የኒውዚላንዱ ቡድን ይህንንም ፈትኗል። በዌስት ኦክላንድ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልምምድ አሠርታ የማታውቅ አንዲት የቤት ለቤት ነርስ አጭር ሥልጠና ወስዳ፣ ፊዚዮቴራፒስት በስልክና በአካል እየተከታተላት፣ 75 ዓመት የሞላቸው 240 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ልምምዱን ሰጠች። መውደቅ በ46 በመቶ ቀነሰ። በዓመቱ ውስጥ ከማነጻጸሪያው ቡድን አምስት ሰዎች ወድቀው ሆስፒታል ሲተኙ፣ ልምምዱን ከሠሩት አንድም አልተኛም።

ኢትዮጵያ በ2003 የጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ30,000 በላይ ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርቷል። ቤት ለቤት መሄድ ሥራቸው ነው፤ አዛውንቱን በስም ያውቋቸዋል። ትኩረታቸው እስካሁን በእናቶችና በሕፃናት፣ በንጽሕናና በተላላፊ በሽታዎች ላይ የቆየው በበቂ ምክንያት ነው። የአዛውንቱ ቁጥር እያደገ ሲሄድ ግን አሥር ያህል እንቅስቃሴዎች ማስተማርና በወር አንዴ ጠይቆ አንድ እርከን ማክበድ በአቅማቸው ውስጥ ያለ ሥራ ነው። ዕቃው በየቤቱ አለ፤ ጠንካራ ወንበር፣ ግድግዳ፣ አሸዋ የተሞላ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት።

ከማን ይጀመር ለሚለው የኦታጎ ቡድን አራት ጥናቶች መልስ አላቸው። ልምምዱ ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመው ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ ለሆኑና ቀደም ሲል ወድቀው ለሚያውቁት ነው። ስለዚህ በየቤቱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፈው ዓመት ወድቀው ያውቃሉ?» የሚል ይሁን፤ ሁለተኛው ደግሞ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር እንዲነሡ መጠየቅ። ወድቀው የሚያውቁ ወይም ያለ እጅ መነሣት የሚያቅታቸው አዛውንት በዚያው ሳምንት ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ መጀመር ያለባቸው ናቸው።